ይውረድ ወይስ ይቀየር?

ከባድ መኪናዎ ዳገት ላይ ሰማያዊ ጭስ ማስከተል ከጀመረ፣ ረዳቱም በየማደሪያው «ዘይት ጎድሏል» ማለትን ሥራዬ ብሎ ከያዘው፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ሞተሩ ወርዶ ይታደስ ወይስ ተነሥቶ ሌላ ይግባ የሚለው ታላቅ ጥያቄ ቤትዎ ገብቷል። ሰው ካልተጠነቀቀ ይህ ጥያቄ በግማሽ ቀን ተመልሶ ያልቃል። ምክሬን በችኮላ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። በግማሽ ቀን ያለቀ ጥያቄ ለጋራዡም ለደላላውም አይበጅም፤ ማታ ማታ ስለ መኪናዎ የሚመክሩ ዘመዶችዎንም ሥራ ያስፈታል። በሥርዓት ከተያዘ ግን አንድ ያረጀ ሞተር ክረምቱን ሙሉ ያጫውታል።

እንግዲህ የመጀመሪያውና ዋናው ምክር፦ አያስለኩ።

ሳያውቁ እንዳይገቡበት መለካት የምለውን ላስረዳ። የኮምፕረሽን መለኪያ የሚባል መርፌ ያለው ዕቃ አለ፤ ዋጋው ከአንድ የጭነት መኪና ጎማ ያንሳል። ሞተሩ ይሞቃል፣ ኖዝሎቹ ይወጣሉ፣ መለኪያው በኖዝሉ ቀዳዳ ይታሰራል፣ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል። መርፌው የቆመበት ቁጥር ይጻፍና ወደሚቀጥለው ሲሊንደር ይታለፋል። ስድስቱም ከተቀራረቡ፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካላለፈ፣ ሞተሩ ከሚታማው በላይ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። አምስቱ ደህና ሆነው አንዱ ብቻ ከወደቀ የታመመው አንድ ክፍል ነው። ስድስቱም አብረው ከወረዱ እርጅና ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ምን ይወራል? ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ኪስዎ ውስጥ ካለ አንድም ሰው በሙሉ ልብ አይመክርዎትም።

መለኪያ የሌለው ጋራዥም ቢሆን አይታመንም፤ ያለ መለኪያ እውነቱን የሚያወጡ ተንኮለኛ ዘዴዎች አሉ። አንዱ የዘይት መሙያው ክዳን ነው። ሞተሩ ሞቆ በዝግታ እየዞረ ሳለ ክዳኑን ይፈቱና ገልብጠው እዚያው ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡታል። ደህና ሞተር ላይ ክዳኑ እየተንቀጠቀጠ ባለበት ይቀመጣል። የፒስተኑ ቀለበት ፋሻውና ፒስተኑ የሚመላለስበት ካሚቻው ያለቁ ከሆነ ግን በፒስተኑ ጎን ያመለጠው ግፊት ከታች መጥቶ ክዳኑን ያዘልለዋል፤ ሲብስም መሬት ይጥለዋል፣ ቀዳዳውም የዘይት ሽታ ያለው ጭስ ፊትዎ ላይ ይተነፍሳል። ሁለተኛው ዘዴ የባሰ ነው። የወጣውን የዘይት ፊልትሮ በመጋዝ ይቆርጡና ውስጡ ያለውን እጥፍጥፍ ወረቀት ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያዩታል። ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ከሆነ ምንም አይደል። መዳብ መዳብ የሚል ብልጭታ ካለው ብሮንዚኑ እየተላጠ ነው። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ደግሞ ብረት ብረትን እየበላ ነው። ስለዚህ ፊልትሮ በተቀየረ ቁጥር ሳይታይ ይጣል፤ ልጆች አንሥተው እንዳይጫወቱበትም ይጠንቀቁ።

ቱርቦውን በተመለከተ ደግሞ አፍዎን ይያዙ። ሰማያዊ ጭስ ሁሉ ከፋሻ እንደማይመጣ፣ የቱርቦው የዘይት ማገጃ ሲያልቅ ዘይቱን በአየሩ መንገድ ወደ ሞተሩ እንደሚያጠጣ፣ ከቱርቦው የሚወጣውን ቱቦ ፈትቶ ውስጡን በጣት መዳበስ ብቻ ይህን እንደሚያሳይ ለማንም አይንገሩ። የፍሬን አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም እንዲሁ ነው፤ ሲያልቅ ዘይት ይበላል፣ ሞተሩንም ያስተነፍሳል፣ ሐሜቱ ግን የሞተሩ ይሆናል። ቱርቦ ቀይሮ ሞተሩን ያዳነ ሰው በማንም ጨዋታ ላይ አይነሣም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ፣ ከቴክኒክና ሙያ በቅርቡ የወጣ አንድ ልጅ መለኪያ ተሸክሞ ቢመጣብዎ አይደንግጡ። መድኃኒት አለው፤ የፋብሪካውን መጽሐፍ ያስመጡ። መጽሐፉ 30 ባር ይላል እንበል። ልጁ አዲስ አበባ ላይ ይለካና መርፌው 23 ላይ ይቆማል። ያን ጊዜ ፊትዎን ኮስተር አድርገው «ሩቡ የለም!» ይበሉ። ጋራዡ በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ሞተሩም ተፈረደበት።

ልጁ ንቁ ከሆነ ግን እንዲህ ሊልዎ ይችላል፦ «ጋሼ፣ መጽሐፉ የሚናገረው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ስላለ ሞተር ነው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከዚያኛው ሩብ ያህል ያንሳል። ሞተር የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ያነሰ ከሰጡት ያነሰ ይመልሳል። ይኼው ሞተር አንድ ብሎን ሳይነካ ጅቡቲ ወርዶ ቢለካ 30 ያሳይዎታል። እዚህ የሚታየው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው።» ልጁ ያለው ሁሉ ልክ ነው። ስለሆነም ሻይ እንዲያመጣ ይላኩት። በከፍታዋ ብቻ ሞተር የምታስወርድ ከተማ ለጋራዥ ትልቅ በረከት ናት፤ ይህን በረከት አንድ ልጅ እንዲያበላሸው አይገባም።

ጭሱም የዚሁ ነገር ዘመድ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው የጣርማበር ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚለቅ መኪና ብዙ ጊዜ የቸገረው አየር ነው፤ ናፍታው በልኩ ይመጣል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን ይሳሳል። የአየር ፊልትሮው በአፋር አቧራ የታፈነ እንደሆነ ደግሞ ሜዳ ላይም ያው ነው። ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ነጭ የሚያጨስ ሞተር ቀዝቅዞት ሊሆን ይችላል፤ ከሞቀም በኋላ ነጩ ካልተወና የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። እርስዎ ግን በቀለም አይጨነቁ። ጭስ ጭስ ነው።

ከመለካት የተገላገሉ ባለንብረት የሚቀራቸው ሰው መጠየቅ ነው። በሀገራችን የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ያጨሰ መኪና ግን መካሪ ይበዛበታል። ሁሉንም ይስሟቸው፤ ምን እንደሚያገኙበት ግን አይጠይቁ።

ሾፌርዎ «ይቀየር» ይላል። ምክንያት አለው፦ ሞተሩ ቢቆም ሚሌ እና ጋላፊ መካከል በዚያ ሙቀት ጎማ ሥር ተኝቶ የሚያድረው እሱ ነው፣ የሚከፍሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። የጋራዡ ፎርማን «ይውረድ» ይላል፤ ካልወረደ ምን ይበላል? ደላላው ሶማሌ ተራ «አንድ ሰው ለራሱ ከሻርጃ ያስመጣው፣ ገና እንዲህ ያልተነካ» ሞተር አለው። ያ ለራሱ ያስመጣው ሰው ለምን በራሱ መኪና እንዳልገጠመው መጠየቅ ነውር ነው። የባለቤትዎ ወንድም መኪናውን ሸጠው ቦታ እንዲገዙ ይመክርዎታል፤ ቦታውንም አይቶታል።

ከሁሉም የሚልቀው ግን የቀድሞ የኤንትሬ ሾፌር ነው። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ከሌለ ከጎረቤት ሰፈር ይዋሱ። እኚህ ሰው የፊያት 682 ኤን 3ን ሞተር በጆሯቸው ያውቁታል። ፊያት 682ን ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ በሀገሩ ዘመኑ ካለፈበት በኋላም ለአፍሪካ ገበያ ሲል እስከ 1980ዎቹ አልተወውም። የአሰብ መንገድ የእርሱ ነበር። «ልጄ፣ ሞተር አይሞትም፤ ሰው ነው የሚገድለው። እኛ ሰርዶ ላይ፣ ጥላ በሌለበት፣ ቴስታታ አውርደን ሠርተን ጭነቱን አስገብተናል» ይሉዎታል። አይዋሹም። ኤንትሬ 11 ሊትር ተኩል ገደማ የሆነ ሞተር ይዞ 200 የፈረስ ጉልበት አይሞላም ነበር። ዛሬ ጅቡቲ የሚመላለሰው ሲኖትራክ ሃዎ ግን 10 ሊትር ከማይሞላ ሞተር 371 ያወጣል። ያኛው ሰፊ ቤት ውስጥ ቀስ እያለ ይሠራ ነበር፣ ይህኛው ጠባብ ቤት ውስጥ እየተጨናነቀ ይሠራል፤ አስታማሚያቸውም አንድ ሊሆን አይችልም። እርስዎ ግን ይህን አያንሡባቸው። ጫማቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ሰርዶን እስከ መጨረሻው ያድምጡ፤ በእውነት ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ከሁሉም መካሪ ምንም የማይፈልጉብዎ እርሳቸው ብቻ ናቸው።

የእርሳቸው ተቃራኒ ደግሞ «የቻይና ሞተር አይታደስም፤ ሲያልቅ ይጣላል» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው የሃዎው ሞተር የዘር ሐረጉ ከኦስትሪያው ሽታየር እንደሚመዘዝ፣ ቻይናም ዕውቀቱን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፈቃድ እንደወሰደችው አያውቅም። እያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታታ እንዳለው፣ የአንዱ ጓርኒሲዮን ቢሄድ አንዱን ብቻ ከፍቶ መሥራት እንደሚቻል፣ ለመታደስ ከዚህ የተመቸ ሞተር ብዙ እንደሌለም እንዲሁ። አይንገሩት። አዝኖ ይቀራል።

አሁን «ይውረድ» ብለው ወሰኑ እንበል። ዋጋ ይጠይቁ። ፎርማኑ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ሲፈታ ይታያል» ይልዎታል። እነዚህን ሁለት ቃላት እንደ ውል ይቀበሏቸው፤ በወረቀት የሰፈረ ዋጋ ከመፍታት በፊት መጠየቅ ያለመተማመን ምልክት ነው። ሞተሩ በአሥር ቦታ ተዘርግቶ፣ ፒስተኖቹ በካርቶን፣ ብሎኖቹ በዘይት ጣሳ ውስጥ ከሆኑ በኋላ ዋጋው ይነገርዎታል። ያን ጊዜ መኪናውን አስነሥተው ወደ ሌላ ጋራዥ መሄድ እንደማይችሉ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ድርድሩ ያምራል።

የማደሱ ወጪ ከተለዋጩ ሞተር ዋጋ ግማሹን ካለፈ ይቀየር የሚል የቆየ ልማድ አለ። ጥሩ ልማድ ነው። ጋራዡም ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው የሚነግርዎ ዋጋ ሁልጊዜ ከግማሹ ትንሽ ዝቅ የሚለው። ቀሪው «ሳናስበው የመጣ» እየተባለ ኋላ ይጨመራል።

በዚህ መሐል «ሙሉውን ከምናድስ ፋሻውን ብቻ እንቀይር» የሚል የቁጠባ ሐሳብ ይቀርብልዎታል። ይቀበሉት። ከመቀበልዎ በፊት ግን ጣትዎን ካሚቻው ውስጥ አያስገቡ። ካስገቡ፣ ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የላይኛው ፋሻ ተመላልሶ የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ ጥፍርዎን የሚይዝ እርከን ያገኛሉ። ከእርከኑ በላይ ያለው ብረት ፋሻ ነክቶት አያውቅም፤ ከሥሩ ያለው ተበልቷል። የእርከኑ ጥልቀት የሞተሩ ዕድሜ ነው። በዚያ በተበላ፣ ክብነቱም በጠፋ ካሚቻ ውስጥ አዲስ ፋሻ ማስገባት ለጥቂት ወራት ጭሱን ያስታግሣል፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና ይፈታል። ጋራዡ ደንበኛ አያጣም ማለት ነው። የቶርኖ ቤቱ ልጅ መለኪያ አስገብቶ ካሚቻው ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ ስንት እንደተበላ ሊያነብልዎ ይችላል፤ እኔ ግን ስለ መለካት ያለኝን አቋም ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ።

ክራንክሻፍቱም ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የተጫረው ገላው በ0.25 ሚሊ ሜትር እርከን እየተላጠ ይስተካከላል፤ 0.25፣ 0.50 እያለ ይወርዳል፣ ብሮንዚኑም በዚያው ልክ ወፍሮ ይገዛል። ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተላጠ የሚነግርዎ አሮጌው ብሮንዚን ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ስለዚህ አሮጌ ብሮንዚኖች ሳይታዩ ወደ ምናለሽ ተራ ይሂዱ። ስለ ዕቃው ጥራት ደግሞ «ኦሪጂናል ነው» ከተባለ ካርቶኑን ብቻ ይዩ። የቴስታታው ብሎኖች በመጽሐፉ ቅደም ተከተልና ልክ በመለኪያ ቁልፍ ሳይሆን «እጄ ያውቀዋል» በሚል ሰው ይታሰሩ፤ የእጅ ዕውቀት ሊበረታታ ይገባል።

«ይቀየር» ካሉ ደግሞ ነገሩ አጭር ነው፣ ሕመሙ ግን ረጅም። የፋብሪካ አዲስ ሞተር ዋጋ ሲጠይቁ ወንበር ይዘው ይሁን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በዶላር የሚመጣ ብረትም አብሮት ሄደ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ ተሽከርካሪ ማስገባትን ስላስወደደው «ሞተሩን ከምቀይር ሌላ አሮጌ መኪና ላስመጣ» የሚለውም መንገድ ጠቧል። የሚቀረው ያገለገለ ሞተር ነው።

ያገለገለ ሞተር ሲገዙ በቀጠሮ ይሂዱ፤ ቀጠሮውም ረፈድ ያለ ይሁን። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አስነሥቶ፣ አሙቆ፣ ዘይቱን በወፍራም ቀይሮ ይጠብቅዎታል፤ ድምፁ ልስልስ ይላል። በማለዳ ሳይነግሩ ደርሰው እጅዎን ብረቱ ላይ የሚያሳርፉ፣ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጠው አጠገብዎ የሚያስነሡ ገዢዎች አሉ፤ ሆዳቸው ክፉ ነው። ቀለሙን ያድንቁ። አዲስ ብርማ ቀለም የተቀባ ሞተር ታሪኩን ረስቷል፤ የኪሎ ሜትሩ ቆጣሪ ሻርጃ ከቀረው መኪና ጋር ቀርቷል፣ ስለዚህ ሻጩ ያለውን ቁጥር የሚያስተባብል ማንም የለም።

ወረቀቱን በኋላ ይጨርሱታል። ሊብሬዎ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ተጽፏል። አዲሱ ሞተር ሌላ ቁጥር አለው፤ ከየት እንደመጣ የሚናገር ዲክላራሲዮን ከሌለው ቦሎ ሲደርስ፣ ወይም መኪናውን ሊሸጡ ሲሉ፣ ወይም አንድ ትራፊክ ኮፋኖ ሲያስከፍት ጨዋታው ይደምቃል። የሻጩ ስልክ በዚያን ጊዜ አይነሣም። ከሁሉ የሚከፋው ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና የተመታ ሞተር ነው፤ ያ ከጋራዥ አልፎ ፖሊስ ጣቢያ ያደርሳል።

መኪናው የሚቆምባቸውን ቀናት በወጪ ውስጥ አይቁጠሩ። የባንኩ ወለድ፣ የሾፌሩ ደመወዝ፣ የቀረው የጅቡቲ ጭነት የሚታዩት ለሚቆጥር ሰው ብቻ ነው። የሚቆጥር ሰው ግን አንዳንዴ ውዱ ሞተር በሳምንት ገብቶ ሥራ ሲጀምር ከርካሹ የሁለት ወር እድሳት እንደሚሻል ይደርስበታል፤ አንዳንዴም ተቃራኒውን።

ታድሶም ሆነ ተቀይሮ ሞተሩ ሲገጠም አንድ ነገር እንዳይነኩ አደራ እላለሁ፦ ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የላስቲክ ቱቦ። ምናልባት ክርኑ ላይ፣ ከማሰሪያው ሥር፣ ጎንበስ ብለው ካላዩት የማይታይ ስንጥቅ አለው። አሮጌውን ሞተር የበላው እሱ ሊሆን ይችላል። ፊልትሮው ያላየው የሎጊያ አሸዋ በዚያ ገብቶ ፋሻና ካሚቻን እንደ ሞረድ ሲሞርድ ከርሟል። ያ ቱቦ በአዲሱ ሞተር ላይ ሲመለስ ጋራዡ ውስጥ ማንም አያየውም፤ ዋጋው ከሁሉም ዕቃ ያነሰ ስለሆነ ማንም አይጠራውም። ቱቦው እንዳለ ከተመለሰ ይህንን ምክር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እንደሚያነቡት አረጋግጥልዎታለሁ።

የታደሰ ሞተር ፋሻው ከካሚቻው ጋር እስኪላመድ ድረስ መካከለኛ ጭነት ይወዳል፤ ሞልቶ መታጨቅንም ቆሞ መንደቅደቅንም ይጠላል፣ የመጀመሪያ ዘይቱም ቶሎ ይቀየርለታል። እርስዎ ግን ብዙ ወጪ ያወጡ ሰው ነዎት። ስለዚህ ሊብሬው ከሚፈቅደው በላይ ሲሚንቶ ጭነው የዓባይን በረሃ ያሳዩት፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ወርዶ ደጀን ላይ ሲወጣ ምን እንደገዙ ያውቃሉ።

ከእንግዲህ እርስዎም መካሪ ነዎት። አንድ ወዳጅዎ መኪናው ማጨስ ጀመረ ብሎ ቢያማክርዎ የሞተሩን ዓይነትም ዕድሜም አይጠይቁት። የራስዎን አሳድሰው ከሆነ «ቀይረው» ይበሉት፤ ቀይረው ከሆነ «አሳድሰው»።